ጉም የያዘው መነጽር

በዚያ ክረምት ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበርሁ። ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ነው። አዊኛ እሰማለሁ፤ ልናገር ስሞክር ግን ልጆች ይስቁብኛል። ዝናብም አውቃለሁ ብዬ ነበር። የዳንግላ ዝናብ ይጥልና ያባራል፤ ጋሪዎቹም ጭቃ እየረጩ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እዚያ ቀበሌ ግን ጧት ስነቃ ይዘንባል፣ ምሳ ሰዓት ይዘንባል፤ መካከል ላይ ረገብ ሲል ደግሞ ከቀርከሃው ጫካ ጉም ይወጣና ዝናቡ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል። ያጠብሁት ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። ስልኬ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስወጣ ብቻ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነብር በግ መውሰድ ጀመረ። መጀመሪያ ከጫካው ዳር ካሉ ቤቶች፣ ቀጥሎ ወደ ሰፈሩ ገባ እያለ። ሐምሌ ሲያልቅ የአንዲት ሴት ውርንጭላ ከበረቱ ደጃፍ ተወሰደ። ሴትየዋ ባሏ ለሥራ ጫግኒ ወርዶ ስለነበር ቤቱንም እርሻውንም ብቻዋን የያዘች፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሰው ነበረች። ወረዳው ድረስ በእግሯ እየተመላለሰች አቤት አለች። በመጨረሻ ያንን አንድ አውሬ ለመግደል ተፈቀደና አንድ አዳኝ ከጫግኒ ተጠራ።

የመጡት ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ብርድ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ወጣት ሳሉ ቆላ ውስጥ ለውጭ አገር አዳኞች ዱካ እየተከተሉ መንገድ ሲመሩ ኖረዋል። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር። ሴትየዋ ቤት አረፉ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም «አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፣ አብረሃቸው ሁን» ብሎ እኔንም እዚያው ቤት አሳደረኝ።

በመጡበት ቀን ጣራው ጠርዝ ሥር ቆመን ሳለ ከደረታቸው ውስጥ አንድ ጥቁር ማኅደር አወጡ። ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ውስጡ የሩቅ መነጽር ነበር፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ የሚያበራ አሮጌ መነጽር። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ አዳኝ ሲሰናበታቸው የሰጣቸው ነው።

«ዓይንህ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው፣ ጋሼ።»

«የኔን ሞራ ጀምሮታል። መቶ እርምጃ ላይ ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ከተኮስሁበትም አልስትም። ምን እንደሆነ ግን አይለይልኝም። አንተ ትነግረኛለህ።»

ከዚያ መነጽሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥለው፣ ዝናቡ በጣራው ጠርዝ እየወረደ ሳለ፣ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። ጠብታ ሲያርፍበት በጨርቅ መፈተግ የለም፤ መጀመሪያ ወደ ታች ደፍቶ ማራገፍ፣ የቀረውን በአንዲት ታጥባ ታጥባ በለሰለሰች ጨርቅ ነካ ነካ እያደረጉ ማስጠጣት ነው። ጋቢ ጥጡን ይተውበታል። ሲያዩበት በአፍ መተንፈስ አይገባም፤ ትንፋሽ በዓይን በኩል ያለውን መስታወት ጉም ያለብሰዋል። የቀረውን ሁሉ ብረሳ ይህን እንዳልረሳ ግን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

«ማታ ቤት አታስገባው። ብርድ የጠጣ መስታወት ሙቀት ሲያገኝ ያልበዋል። ከነማኅደሩ እዚሁ ጣራው ሥር ስቀለው፤ ብርድ ላይ ይደር።»

«እሺ።»

«ሌላ ደግሞ። ጆሮውን ሳታይ ‹እሱ ነው› እንዳትለኝ። ጀርባ ያሳስታል፣ ቀለምም ያሳስታል። ጆሮ አያሳስትም።»

በማግስቱ ጧት ወደ ማማው ወጣን። ማማው የገብሱን ማሳ ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ከእንጨት የተሠራ፣ ሣር የለበሰ መደብ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ማሳው፣ ከማሳው ወዲያ ቀርከሃው። ከበታቻችን በሴትየዋ አጥር ውስጥ ውርንጭላዋን የተነጠቀችው ባዝራ ትታያለች። ሌሎቹ ፈረሶች ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው አንገታቸውን ደፍተዋል። እሷ ግን ፊቷን ወደ ቀርከሃው አድርጋ ዝናቡን በዓይኗ ትቀበለዋለች። ሴትየዋ እንደነገረችን ሣር የምትግጠው በምሽት ብቻ ነበር።

ቀኑን ሙሉ የታየ ነገር አልነበረም፤ የሚሰማው ግን ብዙ ነበር። ቀርከሃ ነፋስ ሲነካው ግንዱ ከግንድ ይጋጫል፤ ድምፁ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ። አዳኙ መጀመሪያ ላይ ፈገግ እያሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን በተንኳኳ ቁጥር እጃቸው ወደ ጠመንጃው ሲሄድ አየሁ።

«ቆላ እንዲህ አይደለም» አሉኝ። «ቆላ አውሬው የት እንዳለ ወፎቹ ይነግሩሃል። እዚህ የሚነግርህ የለም።»

ሲመሽ ስንወርድ ሁለታችንም በስብሰን፣ መነጽሩም ከማኅደሩ ጋር ርሶ ነበር። አዳኙ ብርዱ ገብቷቸው እየተንቀጠቀጡ ጋቢ ተከናንበው ወዲያው ተኙ። እኔ መነጽሩን ጣራው ሥር ልሰቅለው ስል በማኅደሩ ስፌት ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። አርባ ዓመት የተያዘ ዕቃ በኔ እጅ ሊበላሽ ነው ብዬ ፈራሁ። የተባልሁትን ሳላስታውስ ቀርቼ አይደለም። አስታውሼ፣ ‹ለጥቂት ጊዜ ብቻ› ብዬ ወደ ቤት አስገባሁት፤ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጥሁት። ራት በልተን እስክንጨርስ ላዩ ደርቆ ሞቀ። መልሼ ሰቀልሁትና ተኛሁ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጧት ማማው ላይ አንሥቼ ሳይበት በቀኝ በኩል ያለው ዓይን ነጭ ነው። ጠረግሁት። በዚያኛው ጫፍም ጠረግሁት። ነጩ አልሄደም፤ ከውስጥ ነበር። እርጥበቱ በሙቀት ተነሥቶ ብርዱ ሲመለስበት ከውስጠኛው መስታወት ላይ ተጋግሯል። የግራው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጠርዙ ደብዝዟል።

«ታያለህ?» አሉኝ አዳኙ።

«አያለሁ» አልሁ። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ በአንዱ ብቻ ማየት ቀጠልሁ።

ፍልሰታ ስለነበረ ከቀትር ጀምሮ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ትልቅ ትንሹ ቅዳሴ ሄዷል፤ ሴትየዋም በሯን ዘግታ ሄዳለች። እኔ የፕሮቴስታንት ቤተ ሰብ ልጅ ነኝ፤ አዳኙ ደግሞ ጾማቸውን እዚያው ማማ ላይ ተቀምጠው ያሳልፉት ነበር። «አሁን ከጫካው ዳር የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አውሬ ነው» አሉ። እኔም እንደዚያው አሰብሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ቀጠነ፤ ጉሙም ከቀርከሃው ወጥቶ እስከ ማሳው ግማሽ ደረሰ። ማንኳኳቱ ቆመ። ባዝራዋ ከበታቻችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ሰማኋት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም ነበር።

መነጽሩን አነሣሁ። ከቀርከሃው ሥር፣ ከቅጠላ ቅጠሉ መካከል፣ ቢጫ ጀርባ አለ። ዝቅ ያለ፣ እርጥብ፣ ላዩ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያለበት። ወደ ኋላው እያፈገፈገ አንድ ነጭ ነገር ይጎትታል። ነጩ ነገር በግ ነው። የኋላ እግሮቹ ሣሩ ላይ ሲሳቡ በደንብ አየሁ።

«እሱ ነው» አልሁ በሹክሹክታ። «በግ ይጎትታል።»

ጠመንጃው ከጎኔ ሲነሣ ተሰማኝ። አዳኙ ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አስጠጉ፤ መንቀጥቀጣቸው ቆመ።

«አየሁት» አሉ። «ጆሮውስ?»

ፈለግሁ። ጭንቅላቱ ያለበት ቦታ በመነጽሩ ውስጥ ደብዛዛ ነው። እዚያ ጉም ይሁን ቅጠል ይሁን መስታወቱ ይሁን አልለይ አለኝ። ጆሮ ነው ሊባል የሚችል አንድ ጥላ ነበር። ‹አዎ› ማለት ፈለግሁ። ለምን እንደፈለግሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ሁለት ቀን ዝናብ ላይ ተቀምጠናል፤ ሴትየዋ እየጠበቀች ነው፤ ቀለሙም፣ ነጠብጣቡም፣ በጉም አለ። አፌን ከፍቼ ነበር።

«ጋሼ፣ አልታየኝም» አልሁ። «መነጽሩ ጉም ይዟል።»

«ጥረገው።»

«አይጠረግም። ከውስጥ ነው። ትናንት እሳት ዳር አስቀምጬው ነበር።»

 ጣታቸው ከቃታው ላይ ተነሥቶ ወደ ጎን ሲሄድ አየሁ። አፈ ሙዙ እዚያው ላይ እንደተነጣጠረ ጠበቅን።

ቢጫው ነገር በጉ ላይ ጥቂት ጎንበስ ብሎ ቆየና ለቀቀው። ከዚያ ጀርባው ቀና አለ፤ መቃናቱንም ቀጠለ። በሁለት እግሩ ቆመ። ከላይ ሾጠጥ ያለ ራስ፣ ከራሱ ሥር ፊት መሆን ያለበት ቦታ ጨለማ ብቻ። ወደኛ ዞረ። እጅ አላነሣም፣ አልተጣራም፣ አልሮጠም። ከማሳው ማዶ ቆሞ ያየናል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም፤ ክንዴ ዛለ። ከዚያ ወደ ጎን ሄደና ቀርከሃው ዋጠው። አንድ ቅጠል እንኳ ሲንኮሻኮሽ አልተሰማም።

አዳኙ ጠመንጃውን አወረዱ። ጥይቱን አውጥተው ኪሳቸው ለመክተት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለተኛው ላይ ጥይቱ ወድቆ በመደቡ ክፍተት ሾልኮ ጭቃው ውስጥ ገባ።

«ሰው ነው» አሉ።

ወርደን ማሳውን ተሻግረን ሄድን።  ከቀርከሃው ሥር ያ በግ አለ፤ አልተበላም፣ አልደማም። እግሮቹ እንደተኛ በግ ታጥፈው ተቀምጠዋል። ዙሪያውን አጥንት ነበር፤ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ገና ሥጋ ያለበት። ጭቃው ላይ የኮንጎ ጫማ ዱካ መጥቶ ይመለሳል።

አዳኙ ጎንበስ ብለው ዱካውን ተከተሉ። አምስት እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ።

«ና፣ ይህን እይ።»

በጫማው ዱካ ላይ ሌላ ዱካ ታትሞበታል። ክብ፣ ከመዳፌ የሚሰፋ፣ ጥፍር የሌለው። በዙሪያው ያለው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ሞልቷል፤ ይህ ግን ገና ከሥሩ ነው ውሃ የሚያቁረው።

«ይህ አሁን የተረገጠ ነው» አሉ። «ሰውየው ቆሞ ሲያየን ነብሩ እዚህ ነበር። ከኋላው።»

ቀርከሃውን አየሁት። ግንዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከሦስተኛው ግንድ ወዲያ ጉም ነው። መነጽሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ላነሣው አልደፈርሁም። ጀርባችንን ሳንሰጥ ወደ ኋላ እየሄድን ከማሳው ወጣን።

ሴትየዋ ከቅዳሴ ስትመለስ ያየነውን ነገርናት። ስለ በጉ ስነግራት ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ስለ ቢጫው ልብስና ስለ ሾጣጣው ራስ ስነግራት ግን የያዘችውን የጠበል እንስራ መሬት አስቀመጠች።

«ገሳ ነው» አለች። ገሳ ከሣር የሚታታ የዝናብ ልብስ ነው፤ ከራስ እስከ ጉልበት ይሸፍናል። ዛሬ ሰው ሁሉ ላስቲክ ነው የሚለብሰው። «ገሳ የሚለብስ አንድ ሰው ነው የቀረው። የባሌ አጎት ናቸው። ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ።»

በማግስቱ ጧት ይዛን ሄደች። ሽማግሌው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ድንች ሲመርጡ አገኘናቸው። ገሳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አርጅቶ እዚህም እዚያም ሻግቶ ጠቁሯል። ነጠብጣቡ ያ ነበር። ከጓሮ የበጎች ሳል ይሰማል።

በአዊኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ሴትየዋ ለአዳኙ ትተረጉማለች። በጎቻቸው ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ እያሳሉ ይሞቱባቸዋል። በቀበሌው ስብሰባ ላይ አንድ ከከተማ የመጣ ልጅ የሞተ ከብት ቤት አጠገብ አትጣሉ፣ ወይ ቅበሩ ወይ አርቁ ብሎ ነበር። ለመቅበር ጉልበት የላቸውም፤ የቆፈሩትንም ውሃ ይሞላዋል። ስለዚህ አራቁ። ሰው እንዳያያቸው ቅዳሴ ሰዓት ይመርጡ ነበር፤ በጎቼ ታመዋል ማለት አሳፍሯቸዋል።

ያ ከከተማ የመጣ ልጅ እኔ ነበርሁ። ‹አርቁ› ስል ነብር ይለምዳል የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣብኝም። ይህን በተሰባበረ አዊኛ ነገርኋቸው። ሳቁብኝ፤ የሳቁት በአነጋገሬ ይመስለኛል።

አዳኙ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያሳስባቸው። «ጠይቂልኝ» አሏት። «አብሮዎት የሚሄድ ነገር አለ?»

ሽማግሌው ለመመለስ አላመነቱም። ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተረጎመችው።

«አለ ይላሉ። ስመለስ ከኋላዬ ነው፤ ወንዙ ድረስ ይሸኘኛል፣ ወንዙ ጋ ይቀራል። ይተነፍሳል፣ እሰማዋለሁ። ዞሬ አይቼው አላውቅም።»

«አይፈሩም?»

«እሱን ለምጄዋለሁ ይላሉ። ትናንት ግን ከማማው ላይ የሚያየኝ ነገር ያለ መሰለኝ፣ እግሬ እንቢ አለኝ። የፈራሁት ያንን ነው።»

አዳኙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነበርሁ፣ አባቴ። ጠመንጃ ደግኜብዎት ነበር።»

ሴትየዋ አልተረጎመችም፤ እንድትተረጉም ደግመው ጠየቋት። ሽማግሌው ሰምተው ድንቹን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ አንድ ቃል ጠየቁ፤ ‹ምነው ታዲያ ሳይተኩሱ ቀሩ?› እንደማለት ነው።

«ይህ ልጅ አላየሁም አለኝ» አሉ አዳኙ ወደኔ እያመለከቱ። ስለ እሳቱ አልተናገሩም።

በዚያው ቀን ተመልሰው ጫግኒ ሊወርዱ ቆረጡ። ሊቀ መንበሩ ፈቃዱ ገና አላለቀም ቢላቸው «የኔ ዓይን አልቋል» ብለው መለሱ። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። ባጃጅ ስንጠብቅ መነጽሩን ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠኋቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

«ያንተ ጥፋት ግማሹ ነው» አሉ። «ከመስታወቱ ውሃ የሚያግደው የመነጽሩ ላስቲክ ካረጀ ቆይቷል፤ አውቅ ነበር። ይህን አውቄ ነው ወደዚህ ዝናብ የመጣሁ።» ማኅደሩ ውስጥ አስገብተው ክዳኑን አሰሩ። «ሌሊቱን በሙሉ በሕልሜ እኚያ ሰው ላይ ስንት ጊዜ እንደተኮስሁ አልነግርህም።»

በሳምንቱ የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበው ከዳገቱ በኩል፣ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የሞተ ከብት ሁሉ እዚያ እንዲገባ ተስማማን። የጫካው ዳር አጥንት ተለቅሞ ተቀበረ። እኔም የሽማግሌውን በጎች በየሦስት ቀኑ እየሄድሁ መድኃኒት ወጋሁ። ጥቂቶቹ ሞቱ፤ የሚበዙት ሳላቸውን ተዉ። ነብሩም ከሰፈሩ ራቀ። መስከረም እስኪጠባ በግ ተወሰደብኝ ያለ ሰው አልሰማሁም። ሞቶ ይሁን ወደ ሌላ ጫካ ሄዶ ይሁን ማንም አላወቀ።

ሽማግሌው ጋ ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሁት ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። አንዱን በግ በጉልበታቸው መካከል ይዘውልኝ ሳለ አንድ ነገር በአዊኛ ተናገሩ። ቀስ ብለው ስለተናገሩ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

«አሁን ከማሳ ስመለስ የሚከተለኝ የለም» አሉ። «ወንዙ ድረስ ያለው መንገድ እንዲህ ረዥም መሆኑን አላውቅም ነበር።»

 በጉን ልቀቁት ብዬ የሚቀጥለውን እንዲይዙልኝ ጠየቅኋቸው።